ዱላዋን ይዛ ትቁም

«እሷማ ዱላዋን ይዛ ትቁም» አለ ተካ ከወጥ ቤት። «ቪዲዮ ማንሳት ትወድ የለ? ከካሜራው ኋላ ብትሆን ደስ ይላታል እንጂ ቅር አይላትም። ወንበሩ ላይ እኔና አይዳ እንቀመጣለን። አባትና እናት፣ ሁለት ሰው። አለቀ።»

የትምወርቅ ከግድግዳው ወዲህ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ባለችበት ቆማ ቀረች። ወንድሟ ተካ «ዱላ» ያለው ነገር በቀኝ እጇ ነበር። ጊምባል ይባላል፤ አናቱ ላይ ስልክ የሚቆነጠጥበት፣ ሦስት ትንንሽ ሞተሮች ያሉት እጀታ ነው፤ የያዘው ሰው እየተራመደም ቢሆን ምስሉ እንዳይናጥ ያደርጋል። መልስ የሚጠበቅበት ጋሽ አሳምነው ነበር። የቤተሰቡ ሽማግሌ እሱ ነው፤ ሙሽሮቹን የሚመርቀውም፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚናገረውም እሱ ነው። የትምወርቅን ከማንም በላይ ያውቃታል። ጠበቀች። ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ሰማች፤ ሻዩን እያማሰለ ነው። ማማሰሉን አቆመ፤ ፉት አለ። ከዚያ በኋላ ከወጥ ቤቱ ምንም አልተሰማም።

ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ሶልያናን ይወስዳል። ሚኒሶታ፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በምትባል ከተማ ያለው ይህ ሁለት መኝታ አፓርትመንት የትምወርቅ የተከራየችው ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያይ። ለዛሬው ሲባል ሶፋው ተነስቶ እሷ መኝታ ቤት ውስጥ አልጋው ላይ በቁሙ ተጭኗል፤ ማታ የት እንደምትተኛ ገና አላሰበችበትም። ቴሌቪዥኑ ተነቅሎ ቁምሳጥን ገብቷል። ሳሎኑ ባዶ ሲሆን ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አታውቅም ነበር። በረንዳው ፊት ለፊት፣ ነጭ መጋረጃ ከኋላቸው ተዘርግቶ፣ ሁለት ወንበሮች ተቀምጠዋል። ነጭ ልብስ ለብሰው ከኋላቸው በሪባን ታስረዋል፤ አንዱን በአሥራ ሁለት ዶላር ሒሳብ ነው የተከራየቻቸው። በመካከላቸው ትንሽ ክብ ጠረጴዛ፣ እላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ። ሙሽራዋና ሙሽራው ከቤት ከመውጣታቸው በፊት እዚያ የተቀመጡትን ሰዎች ጉልበት ይስማሉ። ይኸው ነው፤ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ግን በዚህ ቀን ከሚሆነው ሁሉ የትምወርቅ አንድ ነገር ምረጪ ብትባል የምትመርጠው ያንን አምስት ደቂቃ ነበር።

ሶልያና የወንድሟ ልጅ ናት። እናቷ በሞተች በሦስተኛው ዓመት፣ በሰባት ዓመቷ፣ ከአባቷ ጋር ሚኒሶታ መጣች። ተካ ስድስት ወር ቆየና ሲያትል የተሻለ ሥራ አገኘሁ፣ እስክደላደል ካንቺ ጋር ትቆይ አለ። አይዳን አግብቶ ሲደላደል ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በመሃሉ ባሉት ዓመታት በትምህርት ቤት ወረቀት ላይ «ዝምድና» በሚለው ቦታ የትምወርቅ «አክስት» ብላ ስትጽፍ ኖረች፤ እውነቱ እሱ ነውና ሌላ መጻፍ አልፈለገችም። ልጅቷም እቴቴ እንጂ እማማ ብላት አታውቅም። ይህን ቅር ተሰኝታበት አታውቅም። ጉልበቷ ይሳማል ብላ ግን ጠብቃ ነበር።

ጊምባሉን የገዛችው ለሶልያና ስትል ነው። ከሁለት ወር በፊት ልጅቷ መጥታ፣ «እቴቴ፣ የቀጠርነው ቪዲዮ አንሺ ቤተክርስቲያን ነው የሚጠብቀን፤ የሚሰጠን ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ከቤት ስወጣ ያለውን አንቺ ስልኩን በቁሙ አድርገሽ አንሺልኝ፤ ያንኑ ቀን ፖስት አደርገዋለሁ» አለቻት። የትምወርቅ በሰማንያ ዘጠኝ ዶላር ገዛችና አጠቃቀሙን ከዩቲዩብ ተማረች። አንድ ፈጣን ተናጋሪ ወጣት ነበር የሚያስተምረው፤ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሳ ትሰማዋለች፤ ያልገባት ቃል ካለ አሥር ጊዜ ትመልሰዋለች። የነርስ ረዳትነት ፈተናዋንም ያለፈችው እንደዚሁ ነው፤ ሰው የሚላትን እስኪገባት መስማት አይሰለቻትም። አረማመዱ ግን አላስቸገራትም። ልጁ «ጉልበታችሁን ሸብረክ፣ ወገባችሁን ቀጥ» ሲል ብቻዋን ሳቀች፤ ፊሊፕስ ሰፈር ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ሰው ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ስታዛውር አሥራ ስድስት ዓመት የቆመችው እንደዚያው ነው።

ያስቸገራት ሚዛኑ ነው። ስልኩን መቆንጠጫው ላይ ታስገቢያለሽ፤ ሞተሩን አታበሪም። እጅሽን ትለቂያለሽ። ስልኩ ወደ ቀኝ ከወደቀ ቀኙ ከብዷል ማለት ነው፤ የምስር ፍሬ ታህል ወደ ግራ ታንሸራትቺዋለሽ። እንደገና ትለቂያለሽ። የተመዛዘነ ስልክ ማንም ሳይዘው ባስቀመጥሽው ይቆማል። ሰነፍ ሰው ይህን ትቶ ዝም ብሎ ያበራዋል፤ ሞተሮቹም ያልተመዛዘነውን በጉልበት ቀጥ አድርገው ይይዙታል። ለጊዜው ደህና ይመስላል። እያደር ግን ይግላሉ፣ ያጉረመርማሉ፣ ዋናው ነገር ሲደርስ ይከዳሉ።

አሁን፣ ወንድሟ የተናገረው ገና ጆሮዋ ውስጥ እያለ፣ እሷም እንደ ሰነፍ ሰው አደረገች። ሚዛኑን ሳታይ አበራችው። ጊምባሉ እንደ ንብ ጮኸ። ስልኩ ቀና አለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው አንገቱን ደፋ። አጥፍታ አበራችው፤ ያው ነው። ትናንት ማታ እኮ ደህና ነበር። ምልክት ይሆን እንዴ? እሱ ባለቤቱ ተዪው፣ ዝም በይ፣ ቀንሽን አታበላሺ እያላት ይሆን? ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «አቤቱ፣ ንገረኝ» አለች። ከዚያ ስልኩን አወጣችና ጀርባውን ዳሰሰች። ሽፋኑ በአንድ ወገን አብጧል። ስትፈለቅቀው በወረቀት፣ ወረቀቱም በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ወደቀ። እምነት ነው። ትናንት ከሠርክ ጸሎት ስትወጣ ለሶልያና ብላ ከቤተክርስቲያን የያዘችው የተባረከ አመድ፤ እንዳይጠፋባት ስልኩና ሽፋኑ መሃል ወትፋው ነበር። ወጣቱ አስተማሪ ስለ ወፍራም ሽፋን አስጠንቅቋል፣ ጀርባው ላይ ስለሚለጠፍ የጣት ማስገቢያ ቀለበት አስጠንቅቋል፣ ስለ ባንክ ካርድ አስጠንቅቋል። ስለ እምነት ግን ያለው ነገር የለም።

ሳቅ አመለጣት። ምልክት ነው ብላ ልትታዘዘው የነበረው ራሷ የወተፈችው ነው።

እምነቱን ይዛ ወደ ሶልያና ክፍል ገባች። ልጅቷ መስተዋት ፊት ተቀምጣለች፤ ሜካፕ የምትቀባት ሴት ጨርሳ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር፤ የትምወርቅን ስታይ ቦርሳዋን ይዛ ወጣችላት።

«እቴቴ፣ ኖ፣ ኖ፣ ኖ!» አለች ሶልያና የፌስታሉን መፈታት ስታይ። «ሜካፑ!»

«ፊትሽን ማን ነካው? አንገትሽን ደፋ አድርጊ።» ከተሸረበው ፀጉር ሥር፣ ማጅራቷ ላይ፣ በአውራ ጣቷ መስቀል አሰመረችላት። ልጅቷ እንደደፋች ቆየች።

«እቴቴ፣ ለምንድን ነው አልቀመጥም ያልሽው?»

«የት?»

«ወንበሩ ላይ። ዳድ ነገረኝ። ቪዲዮ ማንሳቱ ይሻለኛል ብላለች አለ። እኔም ኦኬ፣ ከፈለገች ብዬ ተውኩት።» የቀሚሷን ጫፍ እያፍተለተለች፣ «ትንሽ ግን ከፋኝ» አለች።

የትምወርቅ ጣቷን በወረቀቱ ስትጠርግ ጊዜ ወሰደች። ይህን ያህል አላሰበችም ነበር። ከወንበሩ ሊያነሷት እንደሆነ ሰምታለች፤ አልቀመጥም ያለችው እሷ ራሷ ናት መባሉን ግን አሁን ነው የሰማችው። ዕድሜዋን ሙሉ ብዙ ነገር ውጣለች፤ ስትውጥም ትሕትና ነው እያለች ነው የዋጠችው። ትሕትና ግን ሰው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ነው። ሌላው አውርዶት፣ ደግሞም ራሱ ነው የወረደው ብሎ ሲያወራበት ዝም ማለት ሐሰቱን ማገዝ ነው። ይህን ማንም አላስተማራትም። እዚያው መስተዋቱ ፊት ቆማ ነው የገባት።

«እኔ አላልኩም» አለች።

ሶልያና በመስተዋቱ ውስጥ አየቻት። «ዋት?»

«አልቀመጥም አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝም።»

ልጅቷ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ብድግ አለች። «አሁኑኑ ሄጄ እነግረዋለሁ።»

«ቁጭ በይ።»

«ግን እቴቴ!»

«ቁጭ በይ አልኩሽ። ሙሽራ በሰርጓ ቀን ከአባቷ ጋር አትጣላም። እኔ ግን እቀመጣለሁ።»

«ቪዲዮውስ?»

«እሱም ይነሳል» አለች የትምወርቅ። እንዴት እንደሆነ ግን ገና አላወቀችም።

ተካን በረንዳ ላይ አገኘችው፤ ክራቫቱን በስልኩ መስተዋትነት እያስተካከለ ነው። ስምንት ዓመት ይበልጣታል። ጠጉሩን ቀለም ተቀብቷል፤ ሱፉ ያምርበታል፤ ያምርብሃል ልትለው ፈለገች፣ ተወችው። «ጋሼ» አለች፣ «ወንበሩ ላይ እኔ ነኝ የምቀመጠው።»

ሳቅ አለ። ትከሻዋን ነካ ነካ አደረጋት። «የትምዬ፣ ሁለት ቦታ መሆን አትችዪማ! ያንን ነገር ካንቺ በቀር ማን ያውቅበታል? ሁሉ ሰው እኮ ያደንቅሻል። ደግሞ ከሲያትል ድረስ ሚስቴን ይዤ መጥቼ የት ላቁማት?» መልሷን ሳይጠብቅ ወደ ሳሎኑ አመለከተ። «ከዚያኛው ጥግ አንሺን። ስመርቅ በደንብ እንድታሳዪኝ።»

ወደ ኮሪደሩ ተመልሳ ስልኩን ያለ ሽፋኑ እንደገና መቆንጠጫው ላይ አደረገች። ለቀቀችው፤ ወደ ግራ ወደቀ። ገፋ አደረገችው። ለቀቀችው፤ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብሎ። አልቸኮለችም። ሰዎች እያለፉ፣ ሰዓት እየሄደ፣ ስልኩ ባስቀመጠችው እስኪቆም ድረስ እየገፋችና እየለቀቀች ቆየች። ያኔ ነው ያበራችው። ድምፅ የለውም።

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ከበሮው ከአሳንሰሩ ውስጥ መሰማት ጀመረ። የአሳንሰሩ በር ሲከፈት የትምወርቅ ፊት ለፊት ቆማ ነበር፤ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ ክንዷን ወደ ጎኗ ሰብስባ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች ተቀበለቻቸው። ነቢዩ፣ ሙሽራው፣ በመካከል፤ ሚዜዎቹ በዙሪያው፤ ሴቶቹ እያጨበጨቡ። ጎረቤቷ የሆኑት አዛውንት ፈረንጅ በራቸውን ከፍተው በፒጃማ ቆመው ሲያጨበጭቡም ምስሉ ውስጥ ገቡላት። በሩ ላይ የሶልያና ጓደኞች ተደርድረው መንገድ ዘጉ። ዋናው ሚዜ፣ ጅሬኛ የሚባል ግዙፍ ሰው፣ ወደ ፊት ወጣ።

«አሳልፉን እንጂ፤ ፓርኪንጉ የአንድ ሰዓት ብቻ ነው!»

«መኪናችሁ ይቆለፍባችሁ! ማን በመኪና ኑ አላችሁ?» አለች አንዷ።

«ሙሽራው ቁርስ አልበላም። ቢወድቅ ማን ይሸከመዋል?»

«ይህን የሚያህል ትከሻ ይዘህ አንተ ምን ትሠራለህ?»

«ይህ ትከሻ እኮ ለጌጥ ነው!» ሁሉም ሳቀ። ጅሬኛ ወደ የትምወርቅ ዞረና ጊምባሉን አየው። «እትዬ፣ ይሄ ነገር ቀጥ አድርጎ ነው የሚያሳየው ይላሉ። እኔንም ያቃናኛል?»

«የተጣመመ ሰው አያቃናም፤ የያዘውን ስልክ ብቻ ነው» አለችው፣ እጇ ሳይነቃነቅ።

በሩ ተከፈተላቸው። ከአሳንሰሩ እስከ ሳሎኑ፣ ከሳሎኑ እስከ ሶልያና መኝታ ቤት በር፣ ሙሽራዋ ወጥታ ነቢዩ አፉን እስኪይዝ ድረስ፣ ሳይቆረጥ በአንድ ትንፋሽ አነሳችው። በስክሪኑ ላይ ምስሉ እንደ ረጋ ውሃ ነበር። በዚህች ሰዓት ከማንም ጋር ጠብ አልነበራትም። ሥራዋ አምሮ ነበር።

ጋሽ አሳምነው እጁን አነሳ፤ ከበሮው ዝም አለ። «እንግዲህ ወላጆች ቦታችሁን ያዙ» አለ። ሲል ወለሉን ነበር የሚያየው።

ተካ ወደ ወንበሩ ሄዶ ተቀመጠ፤ የሱፉን ጫፍ አስተካከለ። አይዳ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ሁለተኛው ወንበር ሄደች። ወንበሩን በእጇ ዳሰሰች፤ ልትቀመጥ ዞረች። ያኔ የትምወርቅ ከጥጓ ወጣች። መቅረጹን አላቆመችም። ሳሎኑን ቀስ ብላ፣ ጉልበቷን ሸብረክ እንዳደረገች፣ አቋርጣ አይዳ ፊት ቆመች።

«አይዳ፣ ያዢልኝ።»

አይዳ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው በሁለት እጇ ተቀበለችው። «ኧረ እኔ አልችልበትም! ይወድቅብኛል!»

«አይወድቅም። ሚዛኑን ጠብቄልሻለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ ያዢው፤ ቀይዋን ቁልፍ ብቻ አትንኪያት።» ይህን ብላ ተቀመጠች።

አንድ ሰው ሳለ። አይዳ አንዴ ባሏን፣ አንዴ በእጇ ያለውን ነገር አየች፤ ከዚያ የትምወርቅ ቆማ ወደነበረችበት ጥግ አፈገፈገች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ከትከሻዋ ላይ ከባድ ነገር የወረደላት ሰው ነበር የምትመስለው። ተካ ፈገግታውን ሳያወርድ በአበባው ላይ አንገቱን አሰገገ።

«የትም፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«እየተቀመጥኩ።»

«አይዳ ቆመች እኮ!»

«አየኋት። እኔም እስካሁን ቆሜ ነበር።»

«ሰው ምን ይላል? አስቢ እንጂ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ጋሼ፣ የተባለውን ሰምቻለሁ» አለች፤ እሷ አላንሾካሾከችም። «የወጥ ቤቱ ግድግዳ ቀጭን ነው። ለልጅቷ ያልካትንም ሰምቻለሁ። አልቀመጥም ያልኩት መቼ ነው? ንገረኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው።»

ተካ ወደ ጋሽ አሳምነው ዞረ። ሽማግሌ ነውና አንድ ነገር ይበል ብሎ ነው። የትምወርቅም ዞረች። ጋሽ አሳምነው በዚህ ጊዜ የሚያማስለው ሻይ አልነበረውም። ዘንጉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጠዋት መናገር ነበረብኝ» አለ። «አልተናገርኩም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ይህቺ ልጅ ስትመጣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ነበሩ። ያ የበረዶ ክረምት እንዴት ያለ ክረምት እንደነበር የምናውቅ እናውቃለን። የትምወርቅ እጇን ይዛ አውቶቡስ ስታስጠብቃት አይቻለሁ፤ አንድ ቀን አይደለም፤ በየቀኑ አይቻለሁ። ትቀመጥ። ሙሽሮች፣ ቅረቡ።»

ሶልያና እስኪጨርስ አልጠበቀችም። ቀሚሷን ሰብስባ መጥታ፣ በአባቷ ፊት አልፋ፣ የትምወርቅ እግር ሥር ተንበረከከች። ነቢዩም ከጎኗ ወረደ። አንደኛውን ጉልበት ሳመች፤ ሌላኛውን ሳመች፤ ከዚያ ሜካፕ ብላ የጮኸችለትን ፊት የአክስቷ ቀሚስ ላይ ቀበረችው። ሚዜዎቹ ወደ ሴቶቹ አዩ፤ ሴቶቹም እልል አሉ። የትምወርቅ እጇን ልጅቷ ራስ ላይ አሳረፈች። የምትለውን ሁሉ ለሳምንታት አዘጋጅታ ነበር፤ አሁን የመጣላት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማንም ከቦታሽ አያንሳሽ» አለች። «ማንም።»

«አሜን» አለ ጅሬኛ ከኋላ፣ ድምፁ ቤቱን ሞላው።

«ተካ» አለች አይዳ ከጥጉ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ «አንተ አትታይም።»

«እንዴት አልታይም?»

«ስልኩ የቆመው በቁሙ ነው፤ ምስሉ ጠባብ ነው። እሷንና ሙሽሮቹን ነው የያዘልኝ። ካንተ የማየው አበባውንና አንድ ጉልበት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ወደዚህ አዙሪው!»

«ካዞርኩት እሷ ትወጣለች። ልጅህ ያለችው ደግሞ እሷ ጋ ነው።»

«አባባ፣ ጠጋ ይበሉ!» አለ ጅሬኛ፤ ከሚዜዎቹ መሃል ሳቅ ተነሳ። ተካ እህቱን አያት፤ ወንበሯን ትንሽ ወደ እሱ ታስጠጋለች ብሎ ጠበቀ። ሁልጊዜ የምታስጠጋው እሷ ነበረች። የትምወርቅ ልጅቷ ራስ ላይ ያለውን እጇን አላነሳችም፤ ወንበሯንም የምስር ፍሬ ታህል አላንቀሳቀሰችም። ፊት ለፊቷን፣ አይዳ የያዘችውን ስልክ ታያለች።

ተካ ተነሳ። አበባውን አንስቶ ለጋሽ አሳምነው አስያዘ። ጠረጴዛዋን በእግሩ ገፋ። ከዚያ ነጭ የለበሰውን ወንበር በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሁለት እርምጃ ተሸክሞት መጣና የእህቱ ጎን አስቀምጦ ተቀመጠ።

«አሁንስ?» አለ።

«ገና ነህ» አለች አይዳ። «ጠጋ በል።»